የጋሽ መቀስ ደበርጃን

ሽማግሌው የተገኙት በገዛ ጓሯቸው ውስጥ፣ ከሲሚንቶው የውሃ ገንዳ ጀርባ፣ በጀርባቸው ተንጋለው ነው። የገንዳው ጠርዝ የኋላ ራሳቸውን መትቷቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ መቀሳቸውን ይዘው ወደ አትክልት ስለዞሩ ሰፈሩ «ጋሽ መቀስ» ይላቸዋል። አትክልት ማለት ለእሳቸው ደበርጃን ብቻ ነው፤ ያ ወይን ጠጅ ሆኖ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ የተወለወለ ጫማ የሚመስል ፍሬ። ጎመን ቢተክሉ ምን አለበት ላላቸው ሁሉ «ጎመን ማንም ይተክላል» የሚል መልስ ነበራቸው። በሞቱበት ቀንም ከገንዳው ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ባለው የከሰል ምድጃ ላይ፣ ለምሳ የታሰበ የሚመስል አንድ ደበርጃን ይጠበስ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ይህን የሰማችው በማግስቱ ጠዋት፣ በስልክ፣ ከአለቃዋ ከኮማንደሩ ነው።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት። «የገደለችው ምራታቸው ናት። አንቺ ሄደሽ ቃሏን ብቻ ተቀበይ። ከምሳ በኋላ መኪና ይዤ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«ያለቀለት ከሆነ እኔ ምን እሠራለሁ?»

«ሥርዓት ነዋ!»

ስልኩን ስትዘጋ ለብቻዋ እየተነጫነጨች ነበር። ያለቀለት ነገር የሚባል ነገር ያናድዳታል። ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» የሚሏትም በዚሁ ጠባይዋ ነው፤ የተዘጋ ነገር ካየች ወግታ ካላየችው አይሆንላትም።

መንገድ ላይ ለሐኪሙ ደወለች።

«ወድቀው አይደለም» አላት ሐኪሙ። «በሁለቱም ክንዶቻቸው ላይ የጣት ምልክት አለ። ሰው ጨብጦ ገፍቷቸዋል።»

«መቼ?»

«ከቀትር በፊት።»

«ጠዋትም እኮ ከቀትር በፊት ነው!»

«እህቴ፣ እኔ ሐኪም ነኝ እንጂ ሰዓት አይደለሁም» አለና ዘጋባት።

ከግቢው በር ውጭ መስታወቱ በፕላስቲክ የተለጠፈ አሮጌ ሚኒባስ ቆሟል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የጎረቤቱ የፀጉር አስተካካይ ቤት አለ። ባለቤቱ የሚኖረው ከጋሽ መቀስ ጋር በአንድ አጥር ተዋስኖ ነው፤ ከመስታወቱ ፊት ሳይነሳም የግቢውን በር ያያል። ኢንስፔክተሯ መጀመሪያ የገባችው እሱ ጋ ነው።

«ትናንት ማን ወጣ፣ ማን ገባ?»

«እህታቸው በማለዳ ወጡ፤ ዓይናቸውን ሊታከሙ። ጋሽ መቀስ ራሳቸው ናቸው በሩ ድረስ የሸኟቸው፤ ለእኔም እጃቸውን አውለብልበውልኛል። ቀጥሎ ምራቲቱ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደች፤ እዚያ ነው የምትሸጠው። ልጁ ረፋዱ ላይ ወጣ፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ከዚያ በኋላ ዝንብም አልገባ። ለቀትር ጥቂት ሲቀረው ምራቲቱ ለምሳ ተመለሰች።»

«ከዚያስ?»

«ትንሽ ቆይቶ ጧ! የሚል ነገር ሰማሁ። ወዲያው ጩኸቷ ተከተለ። ምላጬን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ እሳቸው ወድቀዋል፣ ምድጃው ይጨሳል፣ የተጠበሰ ደበርጃን ግቢውን ሞልቶት ይሸታል። ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር ተረጭቷል። ደም ይሁን ሌላ አላስተዋልኩም፤ ዓይኔ እሳቸው ላይ ነበር። ሐኪምና ፖሊስ ጠርቼ ስመለስ ግን ግድግዳው ታጥቦ ውሃ ያንጠባጥባል።»

«ማን አጠበው?»

«ከእሷ ሌላ ማን ነበረና!»

የኮማንደሩ ያለቀለት ነገር ይኸው ነው። ደበርጃን እሳት ላይ ተጥዶ ለመብሰል ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ስለዚህ ሽማግሌው እስከ ምሳ ሰዓት ገደማ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት እህታቸው ሐኪም ዘንድ፣ ልጃቸው መሪ ጨብጦ ነው። የቀረችው ምራታቸው ናት፤ ደግሞም ግድግዳ አጥባለች። ኢንስፔክተሯ መንገዱን ስትሻገር ይህን ሐሳብ ከየት በኩል እንደምትወጋው አጥታ ተናደደች።

ምራቲቱ ማድ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ፖሊስ ከኋላዋ ቆሞ ተቀምጣለች። የዳቦ ቤቱን ሽርጥ እንኳ አላወለቀችም።

«እህቴ፣ ግድግዳውን አንቺ ነሽ ያጠብሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ነበረበት?»

ምራቲቱ የሽርጧን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።

«ጧ ያለው ምንድን ነው?»

ያጠፈችውን መልሳ ዘረጋችው።

«ስሚኝ፤ ከምሳ በኋላ መኪና ይመጣል። ሲመጣ ይዞ የሚሄደው አንቺን ነው። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«አማትሽን ገፍተሻል?»

«አባባን?» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ አባባን አልነካሁም።»

«ታዲያ የምታውቂውን ንገሪኛ!»

ሴትዮዋ ዓይኗን ወደ በሩ ላከች፤ ማንም አልነበረም። መልሳ አቀረቀረች። ኢንስፔክተሯ የሚዋሽ፣ የሚያለቅስ፣ የሚሳደብ፣ ራሱን ስቶ የሚወድቅም ተጠርጣሪ አይታለች። ላድንሽ እያሏት እንዲህ አፏን የምትለጉም ግን አላጋጠማትም። ጠረጴዛውን በቡጢ መታ ስታደርግ የደነገጠው ፖሊሱ ብቻ ነው።

የሟች እህት ሳሎን ውስጥ አንድ ዓይናቸውን በፋሻ ሸፍነው ይጠብቋት ነበር። ቤተሰቡ «እቴቴ» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ለመናገር ልመና አያስፈልጋቸውም።

«ወንድሜን የበላችው እሷ ናት! በየቀኑ ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት።»

«በምን ጉዳይ እቴቴ?»

«በደበርጃን ነዋ! እሱ ‹ከሰል ላይ ካልተጠበሰ አይጣፍጥም› ይላል፤ እሷ በዘይት ትጠብሳለች። እሱ ‹ዘይቱን ጠጥቶ ጨረሰው› ብሎ ይጮሃል፤ እሷ ‹ጨው ነስንሼበት መራራ ውሃው ወጥቷል፣ አይጠጣም› ትላለች። ‹በሹካ ሳትወጊው እሳት ላይ እንዳትጥጂው› ይላታል፤ ‹ስንቴ ትነግረኛለህ አባባ፣ ወግቼዋለሁ እኮ!› ትለዋለች። ራሴን ነበር የሚያዞሩኝ። በልተው ሲጨርሱ ደግሞ አብረው ይስቃሉ።»

«ይስቃሉ?»

እቴቴ የተናገሩትን ገና አሁን የሰሙት መሰሉ። «ይስቃሉ» አሉ ቀስ ብለው። ወዲያው ግን አዲስ ተጠርጣሪ አገኙ። «ያ ፀጉር አስተካካይም ቢሆን ጻድቅ አይደለም። ወንድሜ ዘር አልሰጥህም ስላለው ስንት ጊዜ አኩርፎት ነበር።»

«ለምን ከለከሉት?»

«አንዴ ሲላጨው ጆሮውን ስለቆረጠው ነዋ!»

ልጁ የመጣው በሁለት ምልልስ መካከል፣ የሹፌር ልብሱን እንደለበሰ ነው። ለቅሶ ያደከመው ፊት አለው። እያወራ የቀኝ አውራ ጣቱን ያሻል፤ ጫፉ ቀልቶ አብጧል።

«ጣትህን ምን ነካው?»

«ሞተር ስነካካ ነው።»

«ከአባትህ ጋር ጓሮ ትሠራ ነበር?»

«እኔ? ደበርጃን ከልጅነቴ ጀምሮ አፌን ያሳክከኛል፤ ዓይኑንም ማየት አልወድም። ጓሮው የእሱና የእሷ ነው።»

«ውጭ የቆመው ሚኒባስ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ሲያድር መስታወቱን ይሰብሩብኛል።»

«ግቢ ለምን አታስገባውም?»

«የት ላይ? ደበርጃኑ ላይ?» አለና ድምፁ ከፍ ማለቱን አውቆ ዝቅ አደረገው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንቅልፍ አላገኘሁም።»

«ሚስትህን ሊወስዷት ነው። ምን ትላለህ?»

«ምን እላለሁ? ሕግ የሚያደርገውን ያደርጋል» አለ ወለሉን እያየ።

ሕግ የሚያደርገውን ስታደርግ የኖረችውን ኢንስፔክተር ይህ መልስ አልጣማትም። ግን መልስ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ሙሉ ሰው አይቶታል።

ንዴቷን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ደበርጃኖቹ በረድፍ ቆመዋል፣ መሬቱ ርጥብ ነው። የሽማግሌው የልብስ መቀስ ከጥላው ቋሚ ላይ በምስማር ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብላ ግንዶቹን አንድ በአንድ አየች። ፍሬ የተለቀመበት ቦታ ሁሉ ልብስ ሰፊ እንደቆረጠው ያስታውቃል፤ ጥርት ያለ፣ ሰያፍ። አንዱ ጋ ስትደርስ ግን ቆመች። እዚያ ፍሬው የተቆረጠ ሳይሆን የተቦጨቀ ነው፤ የቅርንጫፉ ልጥ ተልጦ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከዚያው ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። እሷም ልትነካው ስትል የፍሬ እጀታ ቅሪት ላይ ያለች ትንሽ እሾህ ጣቷን ወጋቻት፤ ተሳደበች።

በግቢው በር በኩል ያሉት ጥቂት ተክሎች ደግሞ ጠውልገዋል። እንደ ሌሎቹ ውሃ ጠጥተዋል፤ ሆኖም ቅጠላቸው ተንጠልጥሏል። አንዱን ሳብ ስታደርገው ሳይታገላት ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ሥሩ በአካፋ ተቆርጧል።

«የት ገባ?» የሚል ጩኸት ከአጥሩ ላይ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ደንበኛውን ትቶ በአጥሩ አንገቱን አስግጓል።

«ምኑ?»

«ለዘር የተተወው! ቀይ ጨርቅ ያለበት! ትልቁ፣ ወደ ቢጫ የዞረው። ጨርቁን ያሰረችው ምራቲቱ ናት፤ ማንም እንዳይቆርጠው። ማን ነው የቀጠፈው?»

«ቢቀጥፉት ምን አለበት? ደበርጃን አይደል?»

«እንዴ! ያ እኮ አርጅቷል። ውስጡ ጠጣር ዘር ብቻ ነው፤ መራራ ነው፤ አህያም አይበላው።»

«እርስዎ ዘሩን ይፈልጉት ነበር አሉ።»

ሰውየው ፊቱ ቀላ። «ፈልጌው ነበር። ግን ብሰርቀው ኖሮ ዘሩን አውጥቼ አደርቀው ነበር። ማን ሞኝ ነው የዘር ደበርጃን የሚጠብሰው?»

«እንደተጠበሰ በምን አወቁ?»

«አላወቅኩም! እንዲያው ማለቴ ነው!» አለና አንገቱ ከአጥሩ ላይ ተሰወረ።

ኢንስፔክተሯ ወደ ፍግ ጉድጓዱ ሄደች። እጅጌዋን ሰብስባ፣ እየተነጫነጨች፣ የሽንኩርት ልጣጭና የሻገተ ዳቦ ስታገላብጥ ቆየች። በመጨረሻ የፈለገችውን አገኘች፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ትልቅ ቅርፊት፣ ሆዱ ተቦድሶ የተገለበጠ፣ ቡናማ ዘር የሞላበት። ቅርፊቱን ዙሪያውን አየችው። የሹካ ምልክት የለበትም።

ተነሥታ እጇን ታጠበች። ከዚያ ከሰል አቀጣጠለች፤ ከሰሉ ሲቀላ አንድ ትልቅ ደበርጃን ቆርጣ ሳትወጋ መሐሉ ቀበረችና በላዩ አመድ አለበሰችው። እቴቴ በመስኮት አይተው ለሰማይ ነገሩት። «ሰው ሞቶ፣ እሷ ምሳዋን ታበስላለች!»

ኮማንደሩ ከምሳ በኋላ መኪናውን በሩ ላይ አስቁሞ ሲገባ ሁሉም ጓሮ ውስጥ ጠበቁት፤ ምራቲቱ ከፖሊሱ ጋር፣ ባሏ፣ እቴቴ፣ ፀጉር አስተካካዩ።

«ምንድን ነው ስብሰባው?» አለ ኮማንደሩ። «ቃሏን ሰጠች?»

«አልሰጠችም። እኔ እሰጥላታለሁ።» ኢንስፔክተሯ ከምድጃው አጠገብ ቆመች። «እርስዎ ያሉት፣ ደበርጃኑ እሳት ላይ ስለነበረ ሽማግሌው በምሳ ሰዓት በሕይወት ነበሩ ነው። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ያንን ደበርጃን የጣዱት እሳቸው አይደሉም። በመጀመሪያ፣ እሳቸው በመቀስ ይቆርጣሉ፤ ያ ግን በእጅ የተቦጨቀ ነው። ደግሞ እሳቸው ሳይወጉ አይጥዱም፤ ያ አልተወጋም። ከሁሉም በላይ የተጠበሰው ለዘር የተተወው ነው። ጋሽ መቀስ ያንን ከሚጠብሱ መቀሳቸውን ቢጠብሱ ይሻላቸዋል።»

«ታዲያ እሷ ጥዳዋለቻ!»

«ጨርቁን ያሰረችው እኮ እሷ ናት። እቴቴ በማለዳ ሲወጡ ወንድማቸው ቆመው ሸኝተዋቸዋል፤ እስከ ከሰዓትም አልተመለሱም። ጎረቤታችን ደግሞ ቢያገኘው ዘሩን ደብቆ ይወስድ ነበር እንጂ አያቃጥለውም።» ፀጉር አስተካካዩ በዚህ መከላከያ ይደሰት ይፈር አላወቀም። «ደበርጃኑን የጣደው ስለ ደበርጃን ምንም የማያውቅ ሰው ነው። ትልቁን አየ፤ ትልቅ ጥሩ ነው ብሎ ቦጨቀው። እሾህ እንዳለውም አላወቀም።»

«መቼ? ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው ብለናል!»

«የጋለ ከሰል ላይ ከሆነ። አመድ ከለበሰ ግን ረመጡ ለሰዓታት ይቆያል። ይሄን ረፋዱ ላይ ነው የቀበርኩት። አሁን ይፈነዳና ያያሉ።»

ሁሉም ምድጃውን አዩ። ምድጃው ዝም አለ። ኢንስፔክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ኮማንደሩ ሰዓቱን አየ። አንዲት ወፍ አጥሩ ላይ አርፋ ሄደች።

«ጨረስሽ?» አላት ኮማንደሩ። ወደ ፖሊሱ ዞረ። «ወደ መኪናው ውሰዳት።»

ፖሊሱ የምራቲቱን ክንድ ያዘ። ኢንስፔክተሯ ፊቷ ጋለ። ቀኑን ሙሉ ሰው ዝም ሲላት ውሏል፤ አሁን ደግሞ ደበርጃን ዝም አላት! መቆስቆሻውን አነሣችና ምን ሆኖ ነው ብላ አመዱን በንዴት ገለጠችው። ረመጡ አየር ሲያገኝ ቀልቶ ተነሣ። ጎንበስ ልትል ስትል፣

ጧ!

እቴቴ ጮኹ። ትኩሱ ሥጋ ግድግዳው ላይ ተረጨ፤ የተረፈው የኮማንደሩ ደረት ላይ አረፈ።

«እሱ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «የሰማሁት ድምፅ እሱ ነው!»

ኢንስፔክተሯ ጩኸቱ እስኪበርድ አልጠበቀችም። «ትናንት ከምሳ በፊት ይህች ሴት ገባች። አማቷ ከገንዳው ጀርባ ስለሆኑ አላየቻቸውም። ያየችው የሚጨስ ምድጃ ነው። አመዱን ገለጠችው፣ የዘሩን ደበርጃን አገኘች፣ ፈነዳ፣ ወደ ኋላ ስትሸሽ እሳቸውን አየች፤ ጮኸች። ሰው ተጠርቶ እስኪመጣ ለብቻዋ ስትቀር ደግሞ ገባት። ከዚህ ቤት ሰው ያንን ፍሬ ሳያውቅ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን አጠበች፣ ፍሬውን ደበቀች፣ አፏን ዘጋች። ግድግዳው ላይ የነበረው ደም አልነበረም፤ የባሏ ስህተት ነው።»

ባልየው አልተንቀሳቀሰም። ኢንስፔክተሯ ወደ እሱ ሄደች።

«በበሩ በኩል ያሉት ተክሎች ሥራቸው በአካፋ ተቆርጦ ተመልሰው ተተክለዋል። መኪናህን ልታስገባ መቆፈር ጀመርክ። አባትህ መጡብህ። ክንዳቸውን ይዘህ ገፋሃቸው። ከዚያ ተክሎቹን መልሰህ ተክለህ፣ ሲጠብሱ ወድቀው ሞቱ እንዲባል ደበርጃኑን ረመጥ ውስጥ ቀብረህ፣ አውቶቡስህን ልትነዳ ሄድክ። ጣትህን ለሐኪም እናሳየው ወይስ አንተው ትነግረኛለህ ውስጡ የገባው የሞተር እሾህ መሆኑን?»

«ልገድለው አልነበረም» አለ ልጁ፤ የገንዳው ጠርዝ ላይ ሊቀመጥ ሲል የት እንደሆነ አስታውሶ ዘለለ። «አካፋውን ሊቀማኝ ነው የመጣው። ቀና ስል ወድቋል። እሷን ይጠረጥሯታል ብዬ አላሰብኩም፤ ማንንም አይጠረጥሩም ብዬ ነው።»

«ከጠረጠሯትስ በኋላ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ልጁ ፊቱን ወደ ደበርጃኖቹ አዞረ። ፖሊሱ ምራቲቱን ለቆ እሱን ሲይዘው ግን ድንገት ወደ ሚስቱ ዞሮ ጣቱን ቀሰረባት።

«አንቺ ነሽ! አንቺ ነሽ የነገርሻቸው!»

እቴቴ ፋሻቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ኮማንደሩ ደረቱን መጥረጉን ትቷል። ሴትዮዋ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«አልነገርኳቸውም። መኪናው በር ላይ እስኪቆም፣ ክንዴን እስኪይዙኝ፣ አልነገርኳቸውም። አንተ ግን እዚህ ቆመህ ነበር፤ ስለ እኔ አንዲት ቃል ተናገርክ?»

ባልየው አፉን ከፈተ። ሁሉም ጠበቁት። ፖሊሱ ሳይቀር ጥቂት ጠበቀው፤ ከዚያ ይዞት ወጣ።